ዝሆን የተባለው ታንክ

ባለፈው ሰሞን ለቅሶ ደርሼ ነበር። ሟቿ የሰፈራችን ሰው ናቸው፤ ሰባ ዓመት ያለፋቸው እናት። ድንኳኑ ውስጥ ከሳቸው ፎቶ ጎን የልጃቸው ፎቶ ቆሟል። ልጁ ከሰሜኑ ጦርነት አልተመለሰም። እሱም አልመጣ፣ መርዶውም አልመጣ። እናትየው በር በሩን እያዩ ኖረው አረፉ። ለቀስተኛው ሁሉ ይህን ስለሚያውቅ የልጁን ስም የሚያነሳ የለም። የእኛ ለቅሶ ቤት ደግሞ ዝምታ አይችልም። ንፍሮው ከዞረ፣ ካርታው ከተበተነ በኋላ ጨዋታው ከዶላር ምንዛሪ ወደ ነዳጅ፣ ከነዳጅ ወደ ፖለቲካ ሲንሸራተት ቆይቶ ማዕቀብ ላይ ደረሰ።

“ማዕቀብ እኮ በረከት ነው!” አለ አንዱ።

ድምፁን አወቅሁት። የቀድሞ ተማሪዬ ነው። የመጀመሪያ ዓመት እያለ አስተምሬዋለሁ፤ ኋላ መሐንዲስ ሆነ። ጎበዝ ልጅ ነው፣ ያነባል።

“ደቡብ አፍሪካን ተመልከቱ” አለ። “ዓለም በሙሉ ፊቱን ሲያዞርባት ምን አደረገች? መድፉን፣ ታንኩን፣ ተዋጊ አውሮፕላኑን፣ አቶሚክ ቦምቡን ሳይቀር ራሷ ሠራች። እኛም በ2014 ዓ.ም. አሜሪካ ማዕቀብ እጥላለሁ ብላ ስትዝት መደንገጥ አልነበረብንም። እሰይ ብለን በራችንን ዘግተን መሥራት ነበር! አይደለም እንዴ ጋሼ?”

ጋሼ እኔ ነኝ። አዎ ይሁን አይ በማይለይ አኳኋን አንገቴን ነቀነቅሁ። የልጁ ፎቶ ፊት ለፊቴ ነበር፤ እዚያ ቁጭ ብዬ ስለ መድፍ መከራከር አልሆነልኝም። ቤቴ ስገባ ግን ነገሩ እንቅልፍ ነሳኝ። እንግዲህ ድንኳኑ ውስጥ ያልሰጠሁትን መልስ ዛሬ እዚህ ልስጥ። የአንድ ልጅ ሐሳብ ብቻ ቢሆን ዝም ባልኩ። ይህን አባባል ታክሲ ውስጥ ሰምቼዋለሁ፤ ቢሮ ውስጥ ሰምቼዋለሁ፤ ዲግሪ የደራረቡ ሰዎች በቴሌቪዥን ሲሉትም ሰምቻለሁ። “ደቡብ አፍሪካ በአፓርታይድ ዘመን” የሚለው ነገር የራስን መቻል ተረት ሆኖ ቀርቷል።

ሐሳቡ ከሜዳ የመጣ ነው አልልም። በ1927 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ፋሺስት ጣሊያን ሊወረን ሲሰናዳ እንግሊዝና ፈረንሳይ “ለሁለቱም ወገን መሣሪያ አንሸጥም” አሉ። ፍትሕ የሚመስል ነገር! ጣሊያን የራሱ ፋብሪካ ነበረው፤ ክልከላው የያዘው እኛን ብቻ ነው። አባቶቻችን በዚያ እጦት ምን እንደሆኑ እናውቃለን። ከዚያም በፊት አፄ ቴዎድሮስ ለደብዳቤያቸው መልስ ሲያጡ ጋፋት ላይ መድፍ አሠሩ፤ ስሙንም በኋላ ዘመን የመሣሪያ ፋብሪካ ወርሶታል። እዚህ ድረስ ከተማሪዬ ጋር ነኝ። ግን ጋፋትን የሚያነሳ ሰው ታሪኩን እስከ መጨረሻው ያንብብ። ሠሪዎቹ ወንጌል ሊሰብኩ የመጡ አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎች ነበሩ። ሰባት ቶን ያህል የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን በገደልና በሸለቆ መቅደላ ድረስ የጎተተው ያገሬ ሰው ነው። መድፉም ጠላትን ሳይመታ ቀረ።

ወደ ደቡብ አፍሪካ ልመለስ። (ከዚህ በኋላ ስለዚያች አገር የምጠቅሳቸው ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) እኔ መሐንዲስ አይደለሁም። ዕድሜዬን ያስተማርኩት ሥነ ጽሑፍ ነው፤ ስለ ብረት የማውቀው ጥቂት ነው። ስለዚህ በማውቀው በኩል ልግባ፤ በስሞቹ በኩል።

የአፓርታይድ መንግሥት ለመሣሪያዎቹ ያወጣው ስም ደስ ይላል፤ መካነ አራዊት የገባችሁ ይመስላችኋል። ታንኩ ኦሊፋንት ነው፤ በአፍሪካንስ ቋንቋ ዝሆን ማለት ነው። ዝሆኑ ሲገለጥ ግን ሴንቱሪዮን ነው፤ እንግሊዞች በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ላይ የሠሩት ታንክ። ሞተሩ ተለወጠ፣ መድፉ ተለወጠ፣ ዝሆን ተባለ። ብረት ለበሱ ኤላንድ በትልቅ የዱር እንስሳ ስም የሚጠራ የፈረንሳዩ ፓናር ነው። ኢምፓላ የተባለችው አውሮፕላን የጣሊያኑ ኤርማኪ ናት። ቺታ፣ ማለትም አቦ ሸማኔው፣ እስራኤላውያን እጃቸውን አስገብተውበት እንደገና የተገነባ የፈረንሳይ ሚራዥ ነው። ኦሪክስ፣ እኛ ሳላ የምንለው፣ የፈረንሳዩ ፑማ ሄሊኮፕተር ነው። ቡፈል ጎሽ ማለት ነው፤ ጎሹ የሚሄደው በጀርመኑ ኡኒሞግ እግር ነው። ጠመንጃውማ የአውሬ ስም እንኳ አልደረሰውም፤ አር 1 የቤልጂጉ ፋል፣ አር 4 የእስራኤሉ ጋሊል ናቸው።

እስቲ ቁጠሩልኝ። እንግሊዝ፣ ፈረንሳይ፣ ጣሊያን፣ ቤልጂግ፣ ጀርመን፣ እስራኤል። ዓለም ፊቱን ባዞረባት አገር ግቢ ውስጥ ስንት ፓስፖርት ተገኘ? በጉዲፈቻ የመጡ ልጆች ናቸው፤ የአፍሪካ ስም ወጥቶላቸው ነው። አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። የአፍሪካን አውሬ በስሙ እያከበረ የሚጠራው መንግሥት፣ የአፍሪካን ሰው በገዛ አገሩ በይለፍ ደብተር የሚያንቀሳቅስ መንግሥት ነበር።

“ፈቃድ ገዝቶ መሥራትም እኮ ሥራ ነው” የሚለኝ አለ። ልክ ነው። ግን ያኔ ነገሩ “በራችንን ዘግተን” አይባልም። በሩማ ተከፍቶ ነበር። በመጋቢት 1960 ሻርፕቪል ላይ ፖሊስ ተኩሶ 69 ሰው ገደለ። የተባበሩት መንግሥታት የጸጥታ ምክር ቤት በ1963 “ለዚህ መንግሥት መሣሪያ አትሽጡ” አለ፤ አለ ስል ለመነ ማለቴ ነው፤ ውሳኔው አስገዳጅ አልነበረም። የመሣሪያ ኮርፖሬሽኑ አርምስኮር በ1968 ተቋቋመ። ፈረንሳይ ሚራዡንም ፈቃዱንም መሸጧን ቀጠለች። አስገዳጁ ማዕቀብ፣ ውሳኔ ቁጥር 418፣ የመጣው ኅዳር 4 ቀን 1977 ነው፤ ከሶዌቶ ተማሪዎች ዕልቂት ከአንድ ዓመት በኋላ፣ ስቲቭ ቢኮ በፖሊስ እጅ ከሞተ ሁለት ወር እንኳ ሳይሞላ። በእነዚያ አሥራ አራት ዓመታት ውስጥ መግባት ያለበት ሁሉ ገብቷል።

ከዚያ በኋላስ? ከዚያ በኋላማ የልብ ወለድ ያህል ነው። በ1975 መጨረሻ የደቡብ አፍሪካ ጦር አንጎላ ሲገባ የያዘው የሁለተኛው የዓለም ጦርነት የእንግሊዝ መድፍ ነበር። ከወዲያ ማዶ ሶቪየት ሠራሹ፣ እኛም ስሙን የምናውቀው ቢኤም ሮኬት ያጓራል። የደቡብ አፍሪካው ጥይት እዚያ ድረስ አይደርስም። እንግዲህ የተማሪዬ ኩራት የሆነው ጂ 5 መድፍ የተወለደው ከዚያ ድንጋጤ ነው። ወደ 39 ኪሎ ሜትር የሚመታ፣ በዘመኑ አቻ ያልነበረው መድፍ ነው፤ አልክድም። ግን አባቱ ማነው? ጄራልድ ቡል የሚባል ካናዳዊ ነው። ድርጅቱ ካናዳና አሜሪካ ድንበር ላይ ተቀምጦ የመድፉን ንድፍና በአስር ሺዎች የሚቆጠር የጥይት ቀፎ በካሪቢያኗ ደሴት በአንቲጓ በኩል ለአርምስኮር አሾለከ። በ1980 አሜሪካ ውስጥ ጥፋቱን አምኖ ጥቂት ወራት ታሰረ። ኋላ ለሳዳም ሁሴን ግዙፍ መድፍ ሲሠራ በመጋቢት 1990 ብራስልስ ውስጥ በራፉ ላይ በጥይት ተገደለ። ገዳዩ እስከ ዛሬ አልታወቀም።

የእስራኤሉም እንዲሁ ነው። ሺሞን ፔሬስና ፒ.ደብልዩ. ቦታ በ1975 የመከላከያ ሚኒስትሮች ሆነው ምስጢራዊ ውል ተፈራረሙ። አርምስኮር ፓሪስ በሚገኘው የደቡብ አፍሪካ ኤምባሲ ውስጥ የግዢ ሠራተኞቹን አስቀመጠ። ሄኒ ፋን ቩረን የተባለ ደቡብ አፍሪካዊ ተመራማሪ በ2017 ባሳተመው መጽሐፍ ገንዘቡ በቤልጂግና በሉክሰምበርግ ባንኮች፣ በስም ብቻ በሚኖሩ ኩባንያዎች በኩል እንዴት ይዘዋወር እንደነበር ሰነድ በሰነድ ዘርግቶታል። ለዚህ ሁሉ ልዩ የመከላከያ ሒሳብ የሚባል ካዝና ነበር፤ እንደ ሌላው የመንግሥት ገንዘብ በምክር ቤት ፊት የማይዘረዘር። ለዚህ ሥራ “ራስን መቻል” የሚለውን ቃል ከምሰጠው ኮንትሮባንድ የሚለው ይቀርበኛል። በኮንትሮባንድ የመጣ ዕቃ ደግሞ ስንት ነው ዋጋው? መርካቶን የሚያውቅ ያውቀዋል። (ካዝናው የማይታይ የጦር ፋብሪካ ምን እንደሚያደርግ እኛም በ2011 ዓ.ም. ስለ ሜቴክ ጉድ ሲወራ የሰማነውን ሰምተናል። እሱን ለሌላ ቀን።)

ፍትሐዊ ልሁን። በእርግጥ ራሳቸው ያፈለቁት ነገር አለ። ራቴል የተባለው ተሽከርካሪ አለ። ካስፒር አለ። ካስፒር ከሥሩ እንደ ጀልባ ሾጠጥ ያለ ነው፤ ፈንጂ ሲረግጥ የፍንዳታውን ኃይል ወደ ግራና ቀኝ ይበትነዋል፤ ውስጥ ያለው ሰው ይተርፋል። ብልህ ሥራ ነው። አሜሪካኖች ራሳቸው ኢራቅ ውስጥ መንገድ ዳር በሚቀበር ፈንጂ ሲያልቁ ሐሳቡን ከዚያ ወስደዋል። ስሙ ግን አውሬ አይደለም፤ የሁለት መሥሪያ ቤቶች የእንግሊዝኛ ምሕጻረ ቃላት ፊደል ተደበላልቆ የወጣ ነው። አንዱ የሳይንስና የኢንዱስትሪ ምርምር ምክር ቤት፣ ሌላው የደቡብ አፍሪካ ፖሊስ። ሳይንስና ፖሊስ አንድ ስም ውስጥ! እንደ ሥነ ጽሑፍ መምህር እዚህ ላይ ቆም እላለሁ። ያ ተሽከርካሪ በናሚቢያ ድንበር ከሠራው ሥራ ይልቅ የዓለም ሕዝብ በቴሌቪዥን የሚያስታውሰው በ1980ዎቹ አጋማሽ በጥቁሮች ሰፈር ጎዳና ላይ፣ ድንጋይ የያዙ ልጆች መሐል ሲነዳ ነው። ቢጫ ቀለም ተቀብቶ። የሰፈሩ እናቶች ድምፁን ከሩቅ ይለዩት ነበር ይባላል፤ ልጆቻቸውን የሚያስገቡበት ሰዓት መሆኑን የሚያውቁት በሱ ነው።

የተማሪዬ ዝርዝር ይህን አይጨምርም። የመድፉን ርቀት ያውቃል፤ አፈሙዙ ወዴት ዞሮ እንደነበር አልጠየቀም።

ደግሞስ ተከላከለላቸው? ሊከላከልላቸው የሚገባው እዚያ አንጎላ ነበር። በ1987 እና 88 ኩዊቶ ኩዋናቫሌ ላይ ጂ 5 መድፎቹ ወራት ሙሉ ነጎዱ። ሰማዩ ላይ ግን ኩባውያንና አንጎላውያን ሚግ 23 ይዘው መጡ። የደቡብ አፍሪካ አየር ኃይል ሚራዦቹን እንደልቡ መላክ ፈራ፤ አንድ አውሮፕላን ቢወድቅ የሚተካው የለምና። ዘመናዊ ተዋጊ አውሮፕላን ከባዶ መሥራት አልቻሉም፤ የሚሸጥላቸውም አልነበረም። ስለ ጦርነቱ አሸናፊ ሁለቱም ወገን እስከ ዛሬ ይከራከራል። ከተማዋ ግን አልተያዘችም። በታኅሣሥ 1988 ኒውዮርክ ላይ ተፈራረሙ፤ በመጋቢት 1990 ናሚቢያ ነፃ ወጣች። ማዕቀቡ በረከት ነበር ለሚለው ሰው ይህ ምን ይነግረዋል? እኔ እንደገባኝ ማዕቀቡ የሠራው እዚያ ላይ ነው፤ በጊዜ ቢጠብቅ ኖሮ ቀድሞ በሠራ ነበር።

ፋብሪካ ደግሞ አንዴ ከተሠራ አፍ አለው፤ መብላት ይፈልጋል። የአንድ አገር ጦር የሚፈልገው መድፍና ጥይት የተወሰነ ነው፤ ከመቶ ሺህ በላይ ሠራተኛ ያለው ኢንዱስትሪ በዚያ አይኖርም። ስለዚህ ይሸጣል። ለማን? ከተገለለ አገር መሣሪያ የሚገዛ ማነው? በ1984 የጸጥታው ምክር ቤት የደቡብ አፍሪካን መሣሪያ አትግዙ ብሎ ሌላ ውሳኔ አወጣ። ኢራቅ ግን ከኢራን ጋር ስትዋጋ ጂ 5ን ገዛች። ሂውማን ራይትስ ዎች በጥር 1994 ባወጣው ዘገባ አርምስኮር በ1992 ለሩዋንዳ መንግሥት አር 4 ጠመንጃ፣ መትረየስና የእጅ ቦምብ መሸጡን ገለጠ። ዘገባው ከወጣ ከሦስት ወር በኋላ ሩዋንዳ ውስጥ ምን እንደሆነ አንባቢ ያውቃል። በዚያው ዓመት፣ ማንዴላ ሥልጣን ከያዙ በኋላ እንኳ፣ ለሊባኖስ ነው ተብሎ በአርምስኮር በኩል የተጫነ ጠመንጃ ጉዞው ወደ የመን መሆኑ ተደረሰበትና ዳኛ ኤድዊን ካሜሮን የመሩት አጣሪ ኮሚሽን ተቋቋመ። መሪው ተለውጧል፤ ቤቱ ግን ልማዱን አልተወም።

ቦምቡንም አልረሳሁትም። ስድስት ሠሩ፤ ሰባተኛው ጅምር ላይ ነበር። ከዚያ ራሳቸው ፈታቱት፤ ደ ክለርክ በመጋቢት 1993 ለምክር ቤት ተናገሩ። ለስድስቱ ቦምቦች ያን ያህል ገንዘብና አእምሮ ፈስሶ ያረፈበት የምርምር ጣቢያ ከፕሪቶሪያ በስተምዕራብ ነው፤ ፔሊንዳባ ይባላል። “ነገሩ አለቀ” ማለት ነው ይላሉ ቋንቋውን የሚያውቁ። ደግነቱ፣ አፍሪካ ከኑክሌር መሣሪያ ነፃ የምትሆንበት ውል በ1996 ሲፈረም ስሙን የወሰደው ከዚሁ ቦታ ነው።

መድፎቹንና ብረት ለበሶቹን የሚያመርተው ክፍል በ1992 ዴኔል ተብሎ ከአርምስኮር ተለየ። በ2020 ዴኔል የሠራተኞቹን ደመወዝ አሟልቶ መክፈል አቅቶት የሠራተኛ ማኅበራት ፍርድ ቤት አቆሙት። ሙስናው አንዱ ምክንያት ነው፤ እሱ ብቻ ግን አይደለም። በጦርነትና በድብቅ ካዝና ያደገ ልጅ ሁለቱም ሲነሱበት በእግሩ መቆም አቃተው። ጂ 5ን ያሠሩ መሐንዲሶች ተበታተኑ። ተማሪዬ “ራሷ ሠራች” ሲል ይህን የመጨረሻውን ምዕራፍ ያነበበ አልመሰለኝም።

አሁን ወደ እኛ። እንዳልኩት በ1927 ዓ.ም. እኛ ተከልክለን ነበር፤ ያ ግፍ ነው። ወራሪ የመጣበት አገር መሣሪያ መሥራቱን የሚነቅፍ ሰው አይደለሁም። ግን ከእኛ ጋር የሚመሳሰለው የትኛው ወገን ነው? እስቲ ይህን አስቡት። አርምስኮር ከመቋቋሙ ስድስት ዓመት በፊት፣ በ1962፣ አንድ ረጅም ደቡብ አፍሪካዊ ኮልፌ መጥቶ የተኩስና የፈንጂ ትምህርት ተማረ። ሲመለስ ኮሎኔል ታደሰ አንድ ሽጉጥና ሁለት መቶ ጥይት እንደሰጡት ራሱ በሕይወት ታሪኩ ጽፏል። ማንዴላ ነው። ሽጉጡን ሪቮኒያ እርሻ ላይ ቀበረው፤ ብዙ ተፈልጎ እስከ ዛሬ አልተገኘም። በዚያ ጦርነት ኢትዮጵያ የሰጠችው መሣሪያ ያ ነው። ዛሬ የእኛ ልጆች ደረታቸውን ነፍተው የሚያደንቁት ፋብሪካ የተሠራው ያንን ሽጉጥ የያዘውን ሰውና ወገኖቹን ለማጥፋት ነበር። እንዴት ነው እኛ ወዲያ ማዶ የተሻገርነው? መቼ ነው የተሻገርነው?

የሰሜኑ ጦርነት እንዲቆም ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. የተፈረመው የት ነው? ፕሪቶሪያ። የአርምስኮር ዋና መሥሪያ ቤት ያለበት ከተማ። የሰፈራችን እናት ያን ቀን ሬዲዮናቸውን ከፍተው ሲያዳምጡ አይቻቸዋለሁ። “አለቀ አይደል? አሁን ይመጣል አይደል?” አሉኝ። አዎ እማማ፣ ብያለሁ። ምን ልበል?

ይህን ጽፌ ስጨርስ የስሞቹን ዝርዝር በስልክ ለተማሪዬ ላክሁለት፤ ዝሆኑን፣ ጎሹን፣ አቦ ሸማኔውን፣ ከነአባቶቻቸው። ማታ መልሱ መጣ። “ጋሼ፣ የሴንቱሪዮኑን አላውቅም ነበር። ራቴሉስ ግን? ራቴሉ የራሳቸው ነው።”

ራቴሉን ሰጠሁት። ሞተሩ ግን ጀርመን የተነደፈ ነው አልኩት።

ትንሽ ቆይቶ ሌላ መልእክት ላከ። “እሺ ጋሼ፣ አነበዋለሁ። የእማማ አርባ ቅዳሜ ነው። መኪናዬን ይዤ ልምጣና ልውሰድዎት?”

ና፣ አልኩት።